ከታጁራ እስከ ኦቦክ በጀልባ፦ ጭር ያሉትን የባሕር ዳር ጥጎች ያየ ሰው አለ?

የደሴዋ መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ነው የምኖረው፣ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሁለታችንም ባሕር በዓይናችን አይተን አናውቅም።

የሴሚስተሩ እረፍት ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ጅቡቲ ደርሰን ለመመለስ እያጠራቀምን ነው። ጅቡቲ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ወደቡና ስለ ሙቀቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የባለቤቴ ዘመድ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየን። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ ነው አለን። ጥቁር ተራራ እስከ ውሃው ድረስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በተራራውና በተራራው መሃል ባሕሩ ገባ ብሎ ትንንሽ ጥግ ይሠራል። አሸዋው ነጭ ነው። ሰው የሚባል የለም። «እዚህ የሚደረሰው በጀልባ ነው» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጀልባው የሚያዘው ከየት ነው? ዋና አልችልም፣ ይከለክለኛል? ሒጃብ ለባሽ ነኝ፣ እዚያ ያለው ሁኔታ እንዴት ነው? በጀልባው ኦቦክ ድረስ መዝለቅስ ይቻላል?

የሄደ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። የአስጎብኚ ማስታወቂያ ግን እባካችሁ አትላኩልኝ።

የመስመር ሹፌር

እህቴ፣ እኔ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ባሕሩን ከወደቡ አጥር ወዲያ ስላላየሁት ስለ ጀልባው ሌላ ሰው ይንገርሽ። የመንገዱን ግን ልንገርሽ።

ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ከዚያ ዲቼቶና ጋላፊ። ባቲን ካለፍሽ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ሙቀቱም አብሮ ይመጣል። ሰመራ እደሩና ጎህ ሲቀድ ተነሱ። ጋላፊ ኬላ ላይ የጭነት መኪና ሰልፍ አለ፣ መንገደኛው ግን በሌላ በኩል ነው የሚስተናገደው። ፓስፖርትና ቪዛችሁን እዚህ ሳላችሁ ጨርሱ። ድንበር ላይ እንጨርሳለን ብላችሁ እንዳትነሱ። ከባድ መኪና ላይ ለምናችሁ ልትሳፈሩ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። የሚያውቋችሁ ሹፌር ቢሆንም እንኳ።

ባቲ ሰኞ

አብሽሪ እህቴ፣ ይቻላል። የጠየቅሽውን ዳርቻ በደንብ አውቀዋለሁ። ጅቡቲ ላይ ቱሪስት በሚያወጣ የእንጨት ጀልባ ላይ ለዓመታት ምግብ አብስያለሁ። አሁን ባቲ ተመልሼ የራሴን ምግብ ቤት ከፍቻለሁ። ያንን ባሕር ግን ዛሬም እወደዋለሁ። ስለሱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይገኝ ትንሽ ላርዝምብሽ።

መጀመሪያ አቀማመጡን ያዢ። የጅቡቲ ከተማ ከባሕረ ሰላጤው በስተደቡብ ነው። ታጁራ ከወዲያ ማዶ፣ በስተሰሜን። ኦቦክም በዚያው በሰሜኑ ዳር ነው፣ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ። ከታጁራ ጀርባ የጎዳ ተራራ አለ። ከ1,700 ሜትር በላይ ይነሳል። ከባሕሩ ጠርዝ ተነስቶ እዚያ ድረስ መሆኑን አስቢው። አናቱ ላይ ዴይ የሚባል የጽድ ደን አለ። ያው የእኛ የየጎፍ ጽድ ነው፣ ያንኑ ዛፍ ነው የምልሽ። አሁን ግን አብዛኛው እየደረቀ ነው፣ ሳየው ያሳዝነኝ ነበር። የጅቡቲ ቆቅ የሚባለው ወፍም በዓለም ላይ የቀረው በዚያና አጠገቡ ባለው በማብላ ተራራ ብቻ ነው።

የፎቶሽን ጥጎች የሠራው ይህ ተራራ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ከላይ ድንጋይ እየነዳ ይወርዳል። ወንዞቹ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ናቸው፣ ግን ባሕሩ ጋ ሲደርሱ የሚዘረግፉት ጠጠር ሜዳ ያህላል። በሁለት ወንዝ መሃል ያለው ዐለት ደግሞ ሳይነካ ገደል ሆኖ ይቀራል። በጀልባ ስትሄጂ ገደል፣ ከዚያ ጠጠር፣ ደግሞ ገደል እያለ ይቀጥላል። ነጭ አሸዋው የሚገኘው ኮራል የሚባለው ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጡር በቀረበበት ቦታ ነው። ማዕበሉ የፈጨው ኮራል ነው ነጩ። መኪና መንገዱ ሁሉንም ጥግ አይነካም፤ ዘመዳችሁ እውነቱን ነው የነገራችሁ።

ስለ ጀልባው እንዲህ አድርጉ። ከጅቡቲ ከተማ ጀልባ ይዛችሁ ባሕረ ሰላጤውን አታቋርጡ። ረጅም ነው፣ መሃሉ ክፍት ባሕር ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ይከብዳል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ታጁራ ፌሪ አለ። በየቀኑ ስለማይወጣ ዋዜማውን ሄዳችሁ ጠይቁ። ቀኑ ካልገጠመላችሁ በመኪና ዞራችሁ በአስፋልት ትደርሳላችሁ። ታጁራ እደሩ። ጀልባውን ከዓሣ አጥማጆቹ ያዙ። ከዚያ በኋላ ዳር ዳሩን ነው የምትሄዱት፣ መሬት ከዓይናችሁ አይጠፋም።

ታጁራን ዝም ብላችሁ አትለፏት። ነጫጭ ቤት ያላት፣ መስጊዶቿ የበዙ አሮጌ ከተማ ናት። ዳርዳር የሚባል የራሷ ሱልጣን አላት። ባቡር ከመዘርጋቱ በፊት ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ግመል የሚጭነው ከዚች ከተማ ነበር። መሣሪያ ይወጣል፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፣ ባሪያም ይሸጥ ነበር። ሕዝቡ አፋር ነው። እኔ ሰኞ ሰኞ በባቲ ገበያ ከአፋር ልጆች ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አፋርኛ መቻሌ ታጁራ ላይ ከፈረንሳይኛ የበለጠ ጠቅሞኛል። እናንተ ባትችሉም ሰላምታውን ባቲ ስታልፉ ተማሩ። እዚያ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ዳጉ፣ ማለትም የመንገድና የአገር ወሬ፣ ይለዋወጣል። ከየት መጣችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ ጥሏል ወይ፣ ከብቱ ደኅና ነው ወይ። ዘላችሁ ስንት ነው ካላችሁ ስድብ ነው። ከወሎ ነን በሉ። ባቲን የማያውቅ አፋር አላጋጠመኝም።

ዋጋውን ስትነጋገሩ ለጀልባው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይሁን። ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ አብራችሁ ቁረጡ። የአገሩ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንዱ ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው፤ በዚያ አስሉት።

ሳትሳፈሩ ጀልባው ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ? ሞተሩ ቢቆም መቅዘፊያ አለ? ውሃ በጀሪካን ተይዟል? ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትግቢ። ባለጀልባው ቢስቅም፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው ቢልሽም፣ አትግቢ። ዋና አለመቻልሽ አይከለክልሽም። ጃኬቱን ለብሰሽ፣ ባለቤትሽን ይዘሽ፣ ወገብ እስኪደርስሽ ብትገቢ ይበቃሻል። ውሃው ውስጥ ያለው ነገር ከዚያው ይታያል።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወዲያው ውጡ። በዚያ ወቅት ነፋሱ ከሰዓት ነው የሚነሳው። ጠዋት እንደ መስተዋት የነበረው ባሕር ዙሁር ካለፈ በኋላ ሌላ ነው። የአስር ሶላት ሳይደርስ ታጁራ መመለስ አለባችሁ። ጥር ጥሩ ወቅት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ያኔ ማንንም አልመክርም።

የመጀመሪያ መቆሚያችሁ ሳብል ብላን የሚባለው የአሸዋ ዳርቻ ይሁን። ከታጁራ ብዙ አይርቅም። ኮራሉ ከአሸዋው ጥቂት እርምጃ ነው ያለው። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ያዙ። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ እንደ ሜዳ አህያ የተዠጎረጎረ ዓሣ፣ ሁሉም እግርሽ ሥር ነው። ኮራሉን ግን አትርገጡት። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ የተሰበረው ለመመለስ ዕድሜ ይፈጃል። ለራሳችሁም ሲባል የፕላስቲክ ጫማ አድርጉ፣ የባሕር ጃርት አለ።

ከዚያ ወደ ፊት ያሉትን ጥጎች ለባለጀልባው ተዉለት። እሱ ነው ነፋሱን አይቶ የሚመርጠው። አንዳንዱ ጥግ ለሁለት ጀልባ የማይበቃ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የመጀመሪያ የምትሰሚው ጠጠሩን ነው። ማዕበሉ ሲመለስ ጠጠሩን ይዞት ይጎተታል፣ ድምፁ ጆሮ ላይ ይቀራል። ቀና ብትይ ዓሣ የሚያድነውን ጭላት ታያለሽ። እኔ እዚያ ስንቆም እሳት የማነደው ከዐለቱ ጥላ ሥር ነበር። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቄ፣ ከባቲ ያስመጣሁትን በርበሬ በሎሚ ለውሼ ቀብቼ እጠብሰዋለሁ። ፈረንጆቹ በርበሬውን ለአገራቸው ይለምኑኝ ነበር። እናንተም ከደሴ ትንሽ በርበሬ ያዙ፣ ባለጀልባው ዓሣውን ያጠምድላችኋል። ከተማ ስትመለሱ ደግሞ የየመን ዓሣ ብሉ። በጉድጓድ ምድጃ ነው የሚጋገረው፣ ከቂጣና ሙክባዛ ከሚባል ጣፋጭ ጋር ይቀርባል።

ዌል ሻርክ የሚሉትንም ጠይቂ። ዓሣ ነው፣ በዓለም ትልቁ። ሰው አይነካም፣ ምግቡ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ወደዚያ ባሕር ይመጣል። የሚበዛው ግን በደቡቡ ዳር፣ በአርታ በኩል ነው፤ ያንን ከጅቡቲ ከተማ በሌላ ቀን ያዙት። ጀርባው እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ነው። እሱ ሲመጣ ጀልባው ሞተሩን ያቀዘቅዛል። የሚያሯሩጠው ባለጀልባ ካጋጠማችሁ ተዉ በሉት፣ በሞተር የተቆረጠ ክንፍ አይቻለሁ።

ጉቤት ወደሚባለው ወደ ምዕራቡ ጫፍ ውሰደን አትበሉት። መግቢያው ጠባብ ነው፣ ባሕሩ ሲሸሽና ሲመለስ እዚያ ላይ እንደ ወንዝ ይወርዳል። የለመዱት እንኳ ሰዓቱን ጠብቀው ነው የሚገቡት። እሱን በመኪና ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ በዚያው በ1978 እ.ኤ.አ. የፈነዳውን የአርዱኮባን እሳተ ገሞራና የአሳልን የጨው ሐይቅ ታያላችሁ። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው።

ሒጃብሽን በተመለከተ ምንም የሚያሳስብሽ ነገር የለም። ታጁራ ሰው ጨዋ ነው። ውሃ ስትገቢም ሙሉ ልብስ ልበሺ፣ ከፀሐዩም ይጠብቅሻል።

ኦቦክ በትንሽ ጀልባ ሩቅ ነው። መሄድ ከፈለጋችሁ ከታጁራ በመኪና ሂዱ።

የሐይቅ ልጅ

ባቲ ሰኞ ሁሉን ብሎታል፣ ሳነብ ምራቄን ዋጥኩ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መምህርት፣ ጀልባ ይስማማችሁ እንደሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ቅርባችሁ ላይ ሞክሩት። ከደሴ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቅዳሜ መጥታችሁ በጀልባ ውጡ። ገዳሙ ያለበትን ምድር ዙሩት፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ውሃው ሲሸሽ ነው ከየብስ ጋር የተገናኘው። ሴት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አትገባም፣ ከውሃው ላይ ሆኖ ማየት ግን ማንም አይከለክልሽም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ቦታ ነው። እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚያ ነው።

ባለቤትሽ እዚያ ላይ ካዞረው ባሕሩ ላይ ይብሳል። ያኔ መድኃኒት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

እናት ከመርሳ

ልጄ፣ ጉዞሽን አላህ ያሳካልሽ። ኦቦክ የሚለውን ስም ሳይ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኛ መንደር ኦቦክን የማያውቅ ቤት የለም። ማንም ግን ለሽርሽር አልሄደበትም።

የእህቴ ልጅ ወደ ሳዑዲ ሲሰደድ በዚያ በኩል ነው ያቋረጠው። በእግሩ ነው የሄደው፣ በአሳል በኩል። አንቺ ነጭ አሸዋ ያልሽው ዓይነት ጥግ ላይ ጀልባ ሲጠብቁ ጥላ አልነበረም አለኝ። ውሃ ያለቀበት ልጅ አጠገቡ ሞተ። እሱን ያተረፈው በትንሽ ጀልባ ያለፈ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ጀሪካኑን ወርውሮላቸው ሄደ። ሳዑዲ ደርሶ፣ ታስሮ፣ ተመለሰ። አሁን እዚህ ብርቱካን ይነግዳል፣ አልሐምዱሊላህ።

አትሂጂ አላልኩሽም። ሂጂ፣ እዪው። መኪና ውስጥም ጀልባ ውስጥም ውሃ አብዝተሽ ያዢ። መንገድ ዳር ልጆቻችንን ታገኛለሽ። አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ የአንቺም ተማሪ ሊኖርበት ይችላል።

የደሴዋ መምህርት

እትዬ፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። እውነትዎን ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያቸው በዚያ የሄዱ ልጆች አሉ። ከሁሉም በላይ የአንዷ ወንበር ባዶ የሆነበት ቀን አይረሳኝም።

ባቲ ሰኞ፣ እንዲህ ከሆነ እንዴት ነው የሚኬደው? ለመዝናናት መሄዱ ነውር መሰለኝ። መንገድ ላይ ካገኘናቸውስ ምን እናድርግ? ፖሊስ አይከለክልም?

ባቲ ሰኞ

እናታችን እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ኦቦክ ላይ ቶሎ ያለፍኩት እንዴት እንደምጀምረው ስላልያዘልኝ ነው።

መምህርት፣ ነውር አይደለም። ቦታው አላጠፋም። ዓሣ አጥማጁም፣ ፌሪው ላይ ሻይ የሚሸጠውም በዚህ ነው የሚኖረው። ሄደሽ እዪው። ግን ሁለቱንም እዪው።

እኛም ከጀልባው ላይ አይተናቸዋል። ለምሳ መልሕቅ ልንጥልበት የነበረው ጥግ ላይ ከዐለቱ ሥር ሰው ተነሳ። አንዱ በአማርኛ ሲጣራ አነጋገሩ የእኛው ነበር፣ የሐብሩ ልጅ ነው። ያለንን ውሃ በሙሉ፣ ያበሰልኩትንም ሩዝ አወረድንላቸው። ካፒቴኑ የመናዊ ነበር፤ ባሕር ላይ የተጠማን ማለፍ ሐራም ነው ብሎ አንድም ቃል አልጨመረም።

የምነግርሽ ይህን ነው። ውሃና ምግብ ስጡ፤ እኔ ስሰጥ የከለከለኝ ፖሊስ አላጋጠመኝም። መኪናችሁ ላይ ግን አታሳፍሩ። ደላላ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ለእነሱም አይበጅም። ፎቶ አታንሱ። ፊቱ ስልክ ላይ ወጥቶ እናቱ ያየችው ልጅ አለ። ይልቅ አውሩዋቸው። ከየት ነህ በዪ። ቤተሰብ ስልክ ቁጥር ሊሰጥሽ ከፈለገ ተቀበዪና ደውዪ፣ ‹‹በሕይወት አለ›› ማለት ብቻ ትልቅ ነገር ነው። መመለስ የሚፈልግ ካለ ደግሞ ኦቦክ ላይ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ አይኦኤም የሚሉት፣ ማዕከል አለው። ወደ አገር መመለስ ለሚሹ ይረዳል። ብዙዎቹ መኖሩን አያውቁም፣ ንገሪያቸው።

ከኦቦክ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎዶሪያና ወደ ሖር አንጋር፣ ለጉብኝት በጀልባ አትሂዱ። ማንግሮቩ፣ ባሕር ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ፣ ያምራል፣ ሰውም ይነግራችኋል፤ ባብ ኤል መንደብ የሚባለው የቀይ ባሕር ጠባብ መተላለፊያ ቅርብ ስለሆነ ግን ውሃው ኃይለኛ ነው። የደላሎቹም መሥመር ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን 310 ሰው ጭነው የመጡ ሁለት ጀልባዎች ሖር አንጋር አጠገብ ሰውን ባሕር ውስጥ አውርደው ቢያንስ 45 ሰው ሞቷል። ተመላሾች ነበሩ እኮ። የየብሱ ዳር እየታያቸው ነው።

ስለዚህ ከታጁራ እስከ ሳብል ብላን፣ ከዚያም ባለጀልባው የመረጠላችሁን ሁለት ሦስት ጥግ። ያ ይበቃል። ኦቦክን በመኪና ቀን በቀን ደርሳችሁ ተመለሱ። ጀልባው ውስጥ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ ሁለት ጀሪካን ጨምሩ። ባለጀልባው ለምን እንደሆነ አይጠይቃችሁም።

የመስመር ሹፌር

ለጀልባው የሚጨመረውን ውሃ ከዚህ አትጫኑ፣ ታጁራ ሱቅ ግዙት። ከሚሌ በታች መኪና ውስጥ የዋለ ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም። ከኮምቦልቻ ፋርማሲ ግን ለምለም፣ ውሃ ላነሰው ሰው በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ግዙ፣ ብዛት ያለው። ቀላል ነው፣ ቦርሳ አይሞላም። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ከረጢት ነው፤ ለሰጣችሁት ልጅ በትንሽ በትንሹ ይጠጣው በሉት፣ አንዴ ከገለበጠው ያስመልሰዋል። እኔም ጋቢናዬ ውስጥ አይጠፋም።